የሥራ ቦታ የጤና ልየታ ጥቅም በምን ይለካ? የምርመራው ቀንና ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት

መግቢያ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች በዓመት አንድ ቀን የስብሰባ አዳራሹ ወደ ክሊኒክነት ይለወጣል። ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፤ ነርሶች የደም ግፊት መለኪያና የስኳር መመርመሪያ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሠራተኛው ተሰልፎ ክንዱን ይሰጣል፤ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ተቀብሎም ወደ ሥራው ይመለሳል። የተመረመሩት ሠራተኞች ብዛት በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ይሰፍራል። ወረቀቷ ከዚያ በኋላ የት እንደምትደርስ ግን በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ የጎደለው ዓምድ ነው። በሥራ ቦታ የሚካሄድ የጤና ልየታ ለሠራተኛው ይጠቅማል የሚለው አባባል እንደ ራሱ ግልጽ እውነት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። የተካሄዱት ትልልቅ ሙከራዎች ግን ጉዳዩን እንዲህ ቀላል አድርገው አያሳዩትም። አንዳንዱ ልየታ ከሥነ ሥርዓትነት ያለፈ ፋይዳ አልተገኘበትም፤ አንዳንዱ ደግሞ በትክክል ከተያዘ ሕይወት ያተርፋል። ጽሑፉ ሁለቱን የሚለያያቸው ምን እንደሆነ ከታተሙ ማስረጃዎች በመነሣት ይመረምራል፤ ውጤቱንም ከኢትዮጵያ የሥራ ቦታዎች ሁኔታና ከሕጉ ጋር ያገናዝባል። ከአዋጆች ቁጥር በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልየታ ምንድን ነው?

ልየታ ምርመራ ብቻ አይደለም። ሕመም የሚሰማው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የሚደረግለት ምርመራ ለጥያቄው መልስ መፈለጊያ ነው። ልየታ ግን ምንም ስሜት የሌለውን ሰው፣ ራሱን ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚያምነውን፣ ከሥራው ጠርቶ «ምናልባት ታመህ ይሆናል» የሚል ተግባር ነው። ጠያቂው ሠራተኛው ሳይሆን ተቋሙ ነው። ስለዚህም የማስረጃው ሸክም የሚወድቀው በጠያቂው ላይ ነው።

ይህን ሸክም በመመዘኛ መልክ ያስቀመጡት በ1968 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው ጥናት ዊልሰንና ዩንግነር ናቸው። ካስቀመጧቸው አሥር መርሆች መካከል ለሥራ ቦታ በተለይ የሚጠቅሙት ጥቂቶቹ ናቸው። የሚፈለገው በሽታ ስሜት ከማሳየቱ በፊት ሊታወቅ የሚችልበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ ለተገኘው በሽታ ተቀባይነት ያለው ሕክምና መኖር አለበት፤ ምርመራውን ማረጋገጫና ሕክምናውን መስጫ ተቋም ቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል። አሥረኛው መርህ ደግሞ ሕመምተኛን ፈልጎ ማግኘት ቀጣይነት ያለው ሂደት እንጂ የአንድ ጊዜ ዘመቻ መሆን እንደሌለበት ይደነግጋል። በዓመት አንድ ቀን በአዳራሽ የሚካሄደው ልየታ በዚህ በአሥረኛው መርህ ብቻ ቢመዘን እንኳ ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

ሌላው በቀላሉ የሚዘነጋ ጉዳይ የስሌት ነው። አንድ መመርመሪያ ከታማሚዎች 90 ከመቶውን የሚለይ፣ ከጤነኞችም 95 ከመቶውን ጤነኛ የሚል ጥሩ መሣሪያ ነው እንበል። 1,000 ሠራተኞች ባሉበት ተቋም በሽታው ከመቶ አንዱን ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ይለያሉ፤ ከ990 ጤነኞች ግን 50 ያህሉ «ታመዋል» ይባላሉ። «ታመሃል» ከተባሉት 59 ሰዎች መካከል በእውነት የታመሙት 15 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በሽታው ከመቶ 16ቱን የሚይዝ ቢሆን ግን፣ በዚያው መመርመሪያ ከተለዩት 186 ሰዎች 144ቱ፣ ማለትም 77 ከመቶው በእርግጥ ታማሚዎች ይሆናሉ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመርማሪው ሕዝብ ነው። «ብዙ ዓይነት ምርመራ ባካተትን ቁጥር የተሻለ ነው» የሚለው የልየታ ጥቅል አዘጋጆች አስተሳሰብ ከዚህ ስሌት ጋር አይስማማም። እምብዛም የማይገኝ በሽታ በጥቅሉ ውስጥ በተጨመረ ቁጥር በከንቱ የሚደነግጠው ሠራተኛ ቁጥር ያድጋል።

አጠቃላይ ምርመራ በሙከራ ሲፈተን

ስሜት የሌላቸውን ጎልማሶች በጅምላ መርምሮ ብዙ በሽታን በአንድ ጊዜ መፈለግ «አጠቃላይ የጤና ምርመራ» ይባላል። የኮክሬን የግምገማ ቡድን በ2019 ባሳደሰው ጥናቱ በዚህ ጉዳይ የተካሄዱ በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎችን ገምግሟል። የሞት መረጃ የሰጡት 11 ሙከራዎች 233,298 ተሳታፊዎችን የያዙ ሲሆን በክትትሉ ዘመን 21,535 ሞቶች ተመዝግበዋል። በተመረመሩትና ባልተመረመሩት መካከል በጠቅላላ ሞት የታየ ልዩነት የለም፤ አንጻራዊ ሥጋቱ 1.00 ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ሙከራዎች ብዙዎቹ የቆዩ መሆናቸውና ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች በጊዜው አለመኖራቸው ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ ነው። ሆኖም ውጤቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በቀጥታ በሥራ ቦታ ላይ ከተካሄዱት መካከል ቀዳሚው የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ሙከራ ነው። በ1970ዎቹ በቤልጂየም፣ በኢጣሊያ፣ በፖላንድና በብሪታንያ በሚገኙ 80 ፋብሪካዎች የሚሠሩ 60,881 ወንዶች በፋብሪካቸው አማካይነት በሁለት ተመድበው፣ ግማሾቹ ፋብሪካዎች የልብ በሽታ አጋላጮችን ለመለየትና ለመቀነስ የታቀደ አገልግሎት አገኙ። በስድስት ዓመት ውስጥ በልብ ደም ሥር በሽታ ላይ የታየው ቅነሳ በአጠቃላይ 10 ከመቶ ያህል ሲሆን ይህም በስታቲስቲክስ ትርጉም ካለው ደረጃ አልደረሰም። ነገር ግን አገሮቹ ለየብቻ ሲታዩ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። በቤልጂየም ትርጉም ያለው ቅነሳ ሲታይ በብሪታንያ ግን ምንም ውጤት አልተገኘም። ዕቅዱ አንድ ነበር፤ በየፋብሪካው ሠራተኛውን እየተከታተለ የሚመክረው አካል ጥንካሬ ግን አንድ አልነበረም። ይህ ልዩነት ከአማካዩ ቁጥር ይበልጥ ያስተምራል።

የቅርብ ጊዜዎቹ ሁለት የአሜሪካ ሙከራዎች ይህንኑ መስመር ይከተላሉ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 4,834 ሠራተኞች በዕጣ ተለይተው፣ የተመረጡት ወገኖች የአካል ልኬት ምርመራ፣ የጤና መጠይቅና የጤና ልማድ ማሻሻያ እንቅስቃሴዎች ቀረቡላቸው። በሕክምና ወጪም ሆነ ከሥራ በመቅረት ረገድ ትርጉም ያለው ለውጥ አልታየም። በአንድ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት 160 የሥራ ቦታዎች ላይ 32,974 ሠራተኞችን ያካተተውና በ2019 ውጤቱ የታተመው ሙከራ ደግሞ፣ ከ18 ወራት በኋላ አካላዊ እንቅስቃሴ እናደርጋለን የሚሉት ሠራተኞች ድርሻ በ8.3 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ማለቱን መዝግቧል። በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮል፣ በክብደት መለኪያ፣ በወጪና በሥራ አፈጻጸም ግን ልዩነት አልነበረም። ሰዎች ስለ ራሳቸው የተናገሩት ተለወጠ፤ አካላቸው የተናገረው አልተለወጠም።

የኢሊኖይ ጥናት አንድ ተጨማሪ ግኝት በተለይ ለተመራቂ ተማሪዎች ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ የዕጣ ምደባውን ወደ ጎን ትተው፣ እንደተለመደው በአገልግሎቱ የተሳተፉትን ካልተሳተፉት ጋር ሲያነጻጽሩ አገልግሎቱ ውጤታማ መስሎ ታየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በፈቃዳቸው የሚመጡት አስቀድሞም ወጪያቸው ዝቅተኛ፣ ልማዳቸውም የተሻለ የነበሩት ናቸው። በእኛም አገር «የተመረመሩ ሠራተኞች ካልተመረመሩት ያነሰ ከሥራ ይቀራሉ» የሚል ድምዳሜ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ይህ ጥያቄ ሊቀድመው ይገባል። በፋብሪካ ላይ የሚደረግ ጥናት ደግሞ ከዚህ ሌላ ወጥመድ አለበት። በሥራው የታመሙት ቀድመው ስለሚለቁ በምርመራው ቀን የሚገኙት የጸኑት ናቸው። ይህም በሙያ ጤና ጥናት «የጤናማ ሠራተኛ ክስተት» ተብሎ የሚታወቀው ነው።

ልየታን በሕግ ግዴታ ያደረገች አገር ውጤት ማየትም ይገባል። ጃፓን በ1972 ባወጣችው የኢንዱስትሪ ደህንነትና ጤንነት ሕግ አሠሪ ሠራተኛውን በየዓመቱ የማስመርመር፣ ሠራተኛውም የመመርመር ግዴታ አለበት። በ2008 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 74 ለሆኑ ሰዎች የወገብ ስፋትን መነሻ ያደረገ ልየታና ምክር በአገር ደረጃ ተጀመረ፤ ለወንዶች መለያው 85 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ መስመር ጥቂት በታችና ጥቂት በላይ የሆኑ ወንዶችን ያነጻጸረ፣ 74,693 ሰዎችን የያዘ በ2020 የታተመ ጥናት፣ ምክር እንዲሰጣቸው የተለዩት ከዓመት በኋላ በአማካይ 0.3 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ መቀነሳቸውን፣ ይህም ከጊዜ በኋላ እየደበዘዘ መሄዱን፣ በደም ግፊትና በስኳር ላይም ለውጥ አለመታየቱን አመልክቷል። ግዴታ ሰውን ወደ ምርመራው ማምጣት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ግን አይሠራም።

የደም ግፊት፦ የተለየው ጉዳይ

እስካሁን የተባለው የሥራ ቦታ ልየታ ሁሉ ከንቱ ነው ወደሚል ድምዳሜ ሊወስድ ይችላል። የደም ግፊት ጉዳይ ግን እዚህ ላይ ቆም ያደርጋል።

ከፍተኛ የደም ግፊት የዊልሰንና የዩንግነርን መስፈርቶች ከሞላ ጎደል ያሟላል። ለዓመታት ያለ ስሜት ይቆያል፤ መለኪያው ርካሽና ሕመም የሌለው ነው፤ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ካልታከመ ለአንጎል የደም ዝውውር መቋረጥ፣ ለልብና ለኩላሊት ድካም ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆናቸው የዓለም ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ገምቶ ነበር። በዚያ ግምት ከእነዚህ 46 ከመቶ ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር፤ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ከአምስት አንዱ ብቻ ነበሩ። በኢትዮጵያ በ2015 ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ የሥጋት መንስኤዎች ዳሰሳ ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት እንዳለባቸው፣ ከተሳታፊዎቹም አብዛኞቹ ግፊታቸው ተለክቶ የማያውቅ እንደነበሩ አሳይቷል። በዕለት ሥራ የተጠመደ ጎልማሳ ሳይታመም ጤና ጣቢያ አይሄድም። በሥራ ቦታው ግን በየቀኑ ይገኛል። የሥራ ቦታ ልየታ ዋና ብልጫም ይኸው ነው።

ብልጫው ወደ ውጤት የሚለወጠው እንዴት እንደሆነ በቻይና የተካሄደና በ2020 የታተመ ሙከራ በግልጽ ያሳያል። 60 የሥራ ቦታዎች በዕጣ ተለይተው፣ ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው ከ4,000 በላይ ሠራተኞች ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በአንደኛው ወገን የሥራ ቦታው የጤና ባለሙያዎች በተወሰነ የሕክምና መመሪያ መሠረት ሠራተኛውን በየጊዜው እያገኙ ግፊቱን ለኩ፣ መድኃኒቱን አስተካከሉ፣ ስለ ጨውና ስለ ትምባሆ መከሩ። በሌላው ወገን የተለመደው አሠራር ቀጠለ። ሲጀመር በሁለቱም ወገን ግፊታቸው የተስተካከለው ከመቶ 20 ያህሉ ነበሩ፤ በመጨረሻ በክትትሉ ወገን 66፣ በተለመደው አሠራር 44 ከመቶ ደረሰ። እዚህ ላይ መለኪያውን የለየው ልየታው አይደለም፤ በሁለቱም ወገን ያሉት ሠራተኞች ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። የለየው ከልየታው ቀጥሎ በየወሩ የተደረገው አድካሚ ሥራ ነው።

አንድ የአሠራር ነጥብ መጨመር ያስፈልጋል። በአዳራሽ ውስጥ፣ ደረጃ ወጥቶ የመጣ፣ አለቃው አጠገብ የተሰለፈ ሰው አንድ ጊዜ ተለክቶ 140 በ90 ቢያሳይ ታማሚ ነው ማለት አይቻልም። ቢያንስ በሌላ ቀን ተረጋግቶ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ መለካት አለበት። ሁለተኛው ልኬት የሌለበት የአንድ ቀን ዘመቻ ጤነኛውን ያስደነግጣል፤ ታማሚውንም «ያን ቀን ደክሞኝ ነበር» ብሎ እንዲያልፈው በር ይከፍትለታል።

ከሥራው ባሕርይ የሚነሣ የጤና ክትትል

ከአጠቃላይ ምርመራ ፈጽሞ የተለየ፣ በስም መመሳሰል ግን አብሮ የሚጨፈለቅ ሌላ ዓይነት ምርመራ አለ። ይህም መነሻው የሠራተኛው ዕድሜ ወይም ክብደት ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ከሁሉ የተዘነጋው፣ ከሁሉም ይበልጥ ሊያስገኝ የሚችለው ይህኛው ነው።

የጥጥ ፋብሪካ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የጥጥ ብናኝ ለረጅም ጊዜ የሚተነፍስ ሠራተኛ ቢሲኖሲስ በተባለ የመተንፈሻ አካል በሽታ ይያዛል። የበሽታው ጠባይ እንግዳ ነው። ሠራተኛው ከዕረፍት ቀን በኋላ ወደ ሥራ በተመለሰበት በመጀመሪያው ዕለት ደረቱ ይጨነቃል፤ በቀጣዮቹ ቀናት ይሻለዋል። በዚህም ምክንያት በሽታው በእንግሊዝ የጥጥ ከተሞች ከሰኞ ጋር ተያይዞ ይጠራ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ሕመሙ ወደ ሌሎቹ ቀናት ይስፋፋል፤ በመጨረሻም የማይመለስ የሳንባ ጉዳት ይሆናል። በ1991 በታተመ፣ 595 የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን ባካተተ ጥናት በሽታው ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 ከመቶውን፣ በማበጠሪያው ክፍል ከሚሠሩት 37.5 ከመቶውን ይዞ ተገኝቷል። በሌሎቹ ክፍሎች ግን ከ4 እስከ 24 ከመቶ ነበር።

ይህን በሽታ በዓመታዊው አዳራሽ ማግኘት አይቻልም። መርማሪው ስለ ሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ካልጠየቀ ሠራተኛው አይናገርም፤ ልኬቱም ሠራተኛው ከዕረፍት በተመለሰበት ቀን፣ ፈረቃው ሳይጀመርና ካለቀ በኋላ፣ በመጀመሪያው ሰከንድ ከሳንባ የሚወጣውን አየር በስፓይሮሜትር መለካትን ይጠይቃል። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ቅናሽ ነው ምስክሩ። ምርመራው ስለ ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍሉ አየርም ይናገራል። በማበጠሪያው ክፍል የብዙዎች ሳንባ በአንድ ፈረቃ ከቀነሰ መታከም ያለበት በቅድሚያ ማሽኑና አየር ማስወጫው ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ባለሥልጣን በ1978 ያወጣው የጥጥ ብናኝ ደንብ የሠራተኞችን የሳንባ ምርመራ ለክር ሥራ ከተወሰነው የብናኝ ጣሪያ፣ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ200 ማይክሮ ግራም፣ ጋር ያጣመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዝዋይና በሆለታ ባሉ የአበባ እርሻዎች ፀረ ተባይ የሚረጩ ሠራተኞች ሁኔታ ተመሳሳይ ትምህርት አለው። ኦርጋኖፎስፌት የተባሉት መርዞች ኮሊንኤስቴሬዝ የተባለውን ኤንዛይም ያግዳሉ፤ ኤንዛይሙንም በደም ምርመራ መለካት ይቻላል። ነገር ግን መጠኑ ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንድ ነጠላ ልኬት ብዙም አይናገርም። ሠራተኛው መርጨት ከመጀመሩ በፊት የተወሰደ የራሱ መነሻ ልኬት መኖር አለበት። በካሊፎርኒያ ግዛት ደንብ መሠረት መጠኑ ከመነሻው በ20 ከመቶ ሲቀንስ የአሠራሩ ሁኔታ ይመረመራል፤ የቀይ ደም ሕዋሱ መጠን ወደ መነሻው 70 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሠራተኛው ከመርጨት ይነሣል። ሠራተኛው ከተቀጠረ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚጀመር ምርመራ መነሻውን አጥቷል፤ የጠፋው መነሻ ደግሞ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

የጩኸት ጉዳይ ባጭሩ ይታለፍ። በጩኸት የጠፋ የመስማት ችሎታ አይመለስም፤ ምርመራው የሚጠቅመው ገና ጅምሩን አይቶ ጩኸቱን ለመቀነስ እንጂ ሠራተኛውን ለማከም አይደለም።

ሠራተኛው ለምን ይደብቃል?

ልየታ የሚጠቅመው ሠራተኛው እውነቱን ሲናገር ነው። እውነቱን መናገር ደግሞ ዋጋ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይፈቅዳል። ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈላል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። አንቀጽ 28 በበኩሉ በጤና መታወክ ምክንያት ሥራውን በዘላቂነት መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችል ይደነግጋል። እነዚህ ድንጋጌዎች በራሳቸው ከአግባብ የወጡ አይደሉም። ሆኖም ደረቱ የሚጨነቀው የማበጠሪያ ክፍል ሠራተኛ ሁለቱን አንቀጾች ባያነብም ትርጉማቸውን በሚገባ ያውቃል። «ምን ይሰማሃል?» ሲባል «ምንም» የሚለው ካለማወቅ ሳይሆን ከስሌት ነው።

የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 92 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ተቀጣሪዎችንና በአደገኛ ሥራ ላይ የተሠማሩትን እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራን ግን በመርህ ደረጃ ከዚህ ያወጣዋል። ሕግ አውጪው ምርመራ ሰውን ከሥራ ማጣሪያ ወንፊት ሊሆን እንደሚችል በአንድ በሽታ ረገድ በሚገባ ተገንዝቧል ማለት ነው። ለሌሎቹ በሽታዎች ያንኑ ግንዛቤ ማስፋት ይቀራል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ከመጓዛቸው በፊት የሚያልፉበት ምርመራ ወንፊቱ ምን እንደሚመስል ያሳያል። በዚያ ምርመራ ጥያቄው «ይህች ሴት ምን ሕክምና ያስፈልጋታል?» ሳይሆን «ትሂድ ወይስ ትቅር?» የሚል ነው። ከዚያ ዓይነት ምርመራ ጋር የተዋወቀ ማኅበረሰብ በፋብሪካ በር ላይ ነጭ ካፖርት ሲያይ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

መድኃኒቱ በዓለም አቀፍ መመሪያዎች ውስጥ ከቀረበ ቆይቷል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1985 ያወጣው የሙያ ጤና አገልግሎት ምክረ ሐሳብ ቁጥር 171 ለአሠሪው ሊደርሰው የሚገባው ሠራተኛው ለተመደበበት ሥራ ብቁ መሆኑ ወይም አለመሆኑና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ እንጂ የሕክምና ዝርዝሩ እንዳልሆነ ይመክራል። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሻው የግል መረጃ ይመድበዋል። ስለዚህ የልየታው ውጤት በስም ዝርዝር ተደርድሮ ለሰው ሀብት ክፍል የሚላክበት ልማድ ከሥነ ምግባር ባሻገር የሕግ ጥያቄም ያስነሣል። አሠሪው የሚያስፈልገው ለምሳሌ «በማበጠሪያው ክፍል ካሉት ሠራተኞች ይህን ያህሉ የሳንባ ቅናሽ አሳይተዋል» የሚል ስም የሌለው ድምር ነው፤ ማሽኑን ለማስተካከል ይህ ይበቃዋል።

ከውጭ የመጣ ጥቅልና የሐዋሳ ወጣቶች

በብዙ ተቋማት የሚሠራበት የልየታ ጥቅል ዕድሜው ለገፋ የቢሮ ሠራተኛ የተሰፋ ነው፦ ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የወገብ ስፋት። ለባንክ ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ልኩ ሊሆን ይችላል። በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን አብዛኞቹ ሠራተኞች ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው። ቀደም ሲል የቀረበው ስሌት እዚህ ይመለሳል። በእነዚህ ወጣቶች ላይ ኮሌስትሮል መለካት ገንዘቡን ብዙ ታማሚ በሌለበት ማፍሰስ ነው። አገር አቀፉ የማሕፀን በር ካንሰር ልየታም ቢሆን በዋናነት የሚያተኩረው ከ30 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ስለሆነ አብዛኞቹ ገና አልደረሱበትም። ለእነርሱ የሚቀርቡት የደም ማነስ፣ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት፣ የዓይንና የጀርባ ሕመም፣ የአእምሮ ጭንቀትና የሥራ ክፍላቸው ልዩ አደጋ ናቸው።

ሌላው ፈተና ሠራተኛው በአንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። ብላትማንና ደርኮን በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች በዕጣ ሥራ የተሰጣቸውን ሥራ ፈላጊዎች በተከታተሉበትና በ2018 በታተመው ጥናት፣ ሥራው ከቀረበላቸው መካከል አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ 77 ከመቶው ደግሞ በዓመት ውስጥ ከዘርፉ ለቀዋል። የፋብሪካ ሥራ ከባድ የጤና ችግርን እንዳበዛም ጥናቱ አሳይቷል። ዓመታዊ ልየታ በእንዲህ ያለ የሰው ኃይል ላይ ሲካሄድ በመጋቢት ግፊቷ የተለካው ሴት በሰኔ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ክትትሉ በፋብሪካው ክሊኒክ መዝገብ ብቻ ከታሰረ ከእርሷ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ውጤቱ በእጇ በሚቀር ካርድ ላይ መስፈርና ከምትኖርበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ጋር መያያዝ ይኖርበታል። በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማኅበራዊ የጤና መድን ለደመወዝተኛው ክፍል ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል መቆየቱ ይህን መያያዝ ከባድ አድርጎታል። ልየታው ነጻ ሆኖ መድኃኒቱ ከኪስ የሚገዛ ከሆነ ግፊት እንዳለባት ለተነገራት ደመወዝተኛ የተሰጣት ዕውቀት ጭንቀት ብቻ ነው።

ሪፖርቱ ምን ይያዝ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ ሐሳብ የመለኪያ ለውጥ ነው። ለአብነት 400 ሠራተኞች ባሉበት ተቋም 300ዎቹ በልየታው ቀን ተለኩ እንበል። ከእነዚህ 60ዎቹ ከፍ ያለ ግፊት አሳዩ፤ በሁለተኛው ልኬት 45ቱ ተረጋገጠባቸው፤ 15ቱ ጤና ጣቢያ ደረሱ፤ ከዓመት በኋላ ግፊታቸው ተስተካክሎ የተገኘው የ6ቱ ነው። በዛሬው ሪፖርት የሚጻፈው 300 ነው። መጻፍ ያለበት ግን ሙሉው ሰንሰለት ነው፤ በተለይም ከ45 ወደ 15 የወረደበት ቦታ። ያ ቁጥር ሠራተኛው ፈቃድ ተከልክሎ ይሁን፣ ጤና ጣቢያው በሥራ ሰዓት ብቻ ስለሚከፈት ይሁን፣ ወይስ የካርድ ክፍያ ከብዶት እንደሆነ እንዲጠየቅ ያስገድዳል። ከሦስቱ ሁለቱን አሠሪው ያለ ብዙ ወጪ፣ ለሕክምና ቀጠሮ ግማሽ ቀን የደመወዝ ፈቃድ በመስጠት ብቻ ሊያቃልላቸው ይችላል።

ለሥራ ባሕርይ ክትትልም ሰንሰለቱ ሌላ ነው። በጥጥ ፋብሪካው ሪፖርት ላይ «ስንት ሠራተኛ በስፓይሮሜትር ተለካ» ከሚለው ጎን «ከልኬቱ በኋላ በየትኛው ክፍል ምን ተለወጠ» የሚል ዓምድ ይኑር። ዓምዱ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ባዶ ሆኖ ከቀረበ፣ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴው ስብሰባውን መጀመር ያለበት ከዚያ ባዶ ቦታ ነው።